በግድግዳው በኩል የተሰማች ዜማ

ፒያኒስቱ አዲሱን የጃዝ አልበሙን ከሁሉ አስቀድሞ ለታላቅ እህቱ ከፈተላት። ልብስ ሰፊዋ እህቱ የቀሚስ ጠርዝ በእጇ እየዘመዘመች፣ እሱ በራሱ ስልት እንደ አዲስ የተጫወታቸውን የታወቁ የፖፕ ዘፈኖች አብራ አንጎራጎረች። እሱ በጭንቀት የሚጠብቀው ግን ስድስተኛውን፣ የራሱን ድርሰት ነበር። አሳታሚው «ሰው የሚወደው የሚያውቀውን ነው፤ ያንተን ብንተወውስ?» ብሎታል።

ስድስተኛው ጀመረ። እህቱ ይሄንንም እንደ ሌሎቹ ታንጎራጉረው ጀመረች። እሱ በመገረም ቀና ብሎ ሲያያት፣ መሃል ላይ ድምፅዋ ከፒያኖው ተለየና ቆመ።

«ዝቅ የምትለዋን ዜማ ለምን ቆርጠህ አወጣሃት?» አለችው።

«የቷን?»

«ስንት ዓመት በግድግዳው በኩል ስትለማመዳት የሰማኋትን ነዋ። እሷ ጋ ስትደርስ የስፌት መኪናዬን አቆም ነበር።»

እሱ የፒያኖውን ድምፅ የስፌት መኪናው ጩኸት ውጦት ማንም የማይሰማው ይመስለው ነበር። አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ እኔ እንኳን ረስቻታለሁ» አላት። «እስቲ አንቺ አንጎራጉሪልኝ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ጀመረችለት።