የአምስት ክፍል ሙዚቃ

በሙዚቃ ጆሮ አቶ ልሳነወርቅን የሚያህል የለም። ለቤታቸው አምስት ክፍሎች ገመድ አልባ ስፒከር ለመምረጥ ወር ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ተንከራተቱ። አንዱን «ክራሩን ያፍነዋል»፣ ሌላውን «ከበሮው ይጎረብጣል» እያሉ መለሱ። ማደሪያቸውም ሳሎን ሶፋው ላይ፣ በሙከራ ስፒከሮች መሀል ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በመጨረሻ የመረጧቸውን ስፒከሮች የሚገጥመው ባለሙያ አራቱን ክፍሎች ጨርሶ መኝታ ቤቱ በር ላይ ደረሰ።

«ቀስ በል፤ ባለቤቴ ተኝታም ቅጠል ሲወድቅ ትሰማለች» አሉት።

በሩን ከፈቱ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ባዶ። ትራሱ ላይ የባለቤታቸው ደብዳቤ ተቀምጧል።

«ልሄድ ነው ብዬ ሦስቴ ነገርኩህ። ሦስቴም ‹ቆይ፣ ይቺን ዘፈን ልስማ› አልከኝ። ደህና ሁን።»

ከግርጌው የተጻፈው ቀን የማክሰኞ ነው።