ሁለተኛው ቁልፍ

መብራቱ ኃይል ጨምሮ የዳንግላዋን ትንሽ ክሊኒክ ኮምፒውተር አቃጠለው። ዶክተር ምስጋናው በረንዳው ላይ የተኮለኮሉትን በሽተኞች እያየ ራሱን ያዘ። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ኢንሳፍ ግን አዲስ ላፕቶፕ ከፈተች። የተቃጠለው ማሽን ምን ምን እንደነበረው አስቀድማ በአንድ ፋይል ጽፋ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጣ ነበር፤ አንድ ትእዛዝ ስትሰጠው ሊኑክስ የተባለው የላፕቶፑ ሥርዓት ያንን እያነበበ ራሱን እንደገና ገነባ።

«ፋይሉ ውስጥ ያሉት የይለፍ ቃሎችስ? ኢንተርኔት ላይ ማንም አያያቸውም?» አላት ደንገጥ ብሎ።

«ተቆልፈው ነው ያሉት፣ ዶክተር። ያለ ቁልፉ እኔም አላነባቸውም።»

ቁልፉ ያለበትን ፍላሽ ሰካች፤ የበሽተኞቹ መረጃ ኢንተርኔት ላይ ካስቀመጠችው የመጠባበቂያ ቅጂ ተመለሰ። ምስጋናው እፎይ ብሎ «አደራ፣ ጥለሽን እንዳትሄጂ» ሊላት ሲል፣ ሌላ ፍላሽ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ይሄ የእርስዎ ቁልፍ ነው። እኔ ባልኖርም ክሊኒኩ አይቆምም።»

ፍላሹን ኪሱ ከትቶ የመጀመሪያዋን በሽተኛ ጠራ።