በገዲሴ ግድግዳ ውስጥ ያለ ባዶ

ኪኪኪ… ቆይ፣ እንባዬን ልጥረግ! ጓድ ወጋየሁና ዶሮዋ ዓይን ለዓይን የተያዩበት ትዝ ሲለኝ እኮ ነው። እሱም ቢሆን ገና ነው፤ ዋናው ከእሱም በኋላ ይመጣል። ሳቁን ቆጥቡት።

ጊዜው ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ነው። ላፍቶ ውስጥ ጢም ያቀመቀመ ልጅ ሁሉ ወይ ዘምቷል ወይ ተደብቋል።

የገዲሴ ልጅ ሞልቱ ከተደበቁት ነበር። አባቱ ሂርጳ ሞቷል። ሁለቱ ወንድሞቹ ከግንባር አልተመለሱም። የቀራት እሱ ብቻ ነው። ገዲሴ የጓዳዋን የጭቃ ግድግዳ በገዛ እጇ ድርብ አድርጋ መርጋ መሀሉ ሸሸገችው። መግቢያው ከአልጋዋ ራስጌ ነው፤ ጎታ ተገትሮበታል። ለጠየቃት ሁሉ «አርሲ አጎቱ ጋ ነው» ትላለች። ቀበሌው ደጋግሞ ፈተሸ፣ አላገኘም፤ አላመናትምም።

ዶክተር እስጢፋኖስ ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣ ነው። ነፋስ ስልክ አንድ የብረት ፋብሪካ ይሠራል። ሥራው ላዩ ደህና የሚመስል ብረት ውስጡ ባዶ እንዳለው መመርመር ነው። ጠዋት ጠዋት ወተት የምታቀርብለት ገዲሴ ናት። የሰፈሩ ሰው ግን አይወደውም። ከካድሬ ጋር በመኪና ሲሄድ ይታያላ!

አንድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሥራውን እንዲያስረዳ ታዘዘ።

«ከጨው ቅንጣት የማትበልጥ ነገር በሁለት ተመሳሳይ ብረቶች መሀል እናስቀምጣለን» አለ። «ከእሷ ፖዚትሮን የሚባል ረቂቅ ነገር ይወጣል። ብረቱ ውስጥ ተቃራኒውን፣ ኤሌክትሮኑን፣ ሲያገኝ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሁለት ጨረር ብቻ ወዲያና ወዲህ ይበራል።»

«እንደኔና እንደ ባሌ!» አለች አንዷ ከኋላ። ስብሰባው አውካካ።

«ብረቱ ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ ግን ፖዚትሮኑ እዚያ ይሸሸጋል፤ ቶሎ አይጠፋም። ምን ያህል እንደቆየ ለክተን ባዶውን እናውቃለን።»

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ወጋየሁ አልሳቀም። ብድግ አለ። «ግድግዳ ውስጥስ?»

«ጓድ፣ እኔ የምለው ባዶ በዓይን የማይታይ ነው። ከአቧራ እጅግ ያነሰ…»

«ትሕትናውን ተወው! የሚሸሸግበትን አገኛለሁ ብለሃል፤ ሰፊው ሕዝብ ምስክር ነው። ማክሰኞ የገዲሴን ቤት ትፈትሻለህ።»

«ወተት የምታመጣልኝን?»

«እሷኑ።»

ዶክተሩ መነጽሩን ጠረገ። ከዚያ «እሺ» አለ።

በማግስቱ ወተት አልመጣለትም።

ማክሰኞ የፋብሪካው ላንድሮቨር ገዲሴ ደጅ ቆመ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ረጅም የቆርቆሮ ሳጥን አወረዱ። ክዳኑ ላይ የጨረር ምልክት አለው፤ ዕቃው እንዳይግል ጎኑ ተበሳስቷል። ደምሰው የሚሉት ጠባቂ እያፏጨ ነው ያስገባው።

«ላስጠንቅቃችሁ» አለ ዶክተሩ። «መሣሪያው ሲሠራ ጨረሩ ወንድ ያመክናል።»

ጠባቂዎቹ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሸሹ። ጓድ ወጋየሁ ከእነሱም አልፎ ቆመ። ገዲሴ ግን ከቤቴ አልወጣም አለች። «እኔን ምኔን ያመክነዋል? ያለፈብኝ ሴት!»

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ የእሷ ጩኸት ይሰማል። «የወተቴ ውለታ ይሄ ነው? ያ ዋቀዮ! አንተ የእናት ጡት አልጠባህም?» ዕቃ ይንኳኳል፤ ዶሮ ይንጫጫል።

ሲከፈት ዶክተሩ አቧራ ለብሷል። መለኪያዎቹን በኮቱ ጠቅልሎ ታቅፏል።

«ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ውስጥ ባዶ ቦታ አለ» አለ።

ገዲሴ መሬት ላይ ተዘረረች። ጎረቤቱ እዬዬ አለ። አንዷማ ዶክተሩ ላይ ምራቋን ተፋች። ደምሰው ግድግዳውን በዶማ ናደው። ጓድ ወጋየሁ ሽጉጡን መዞ በቀዳዳው አንገቱን አስገባ።

አንዲት ገብስማ ዶሮ ዕንቁላሏን ታቅፋ ተቀምጣለች።

ጓድ ወጋየሁ ዶሮዋን አየ። ዶሮዋም ጓድ ወጋየሁን አየች።

«ከጭልፊት ደብቄያት ነው» አለች ገዲሴ ከተዘረረችበት።

«ለዶሮ ድርብ ግድግዳ?»

«ጌታው፣ የላፍቶን ጭልፊት አያውቁትም።»

ጓድ ወጋየሁ ወደ ዶክተሩ ዞረ። «የታለ ልጁ?»

«ባዶ አለ አልኩ እንጂ ልጅ አለ አላልኩም። ይኸው ባዶ ነው። መሣሪያው አልተሳሳተም።»

ጓድ ወጋየሁ «ዶሮዋን ያዟት!» ሲል ደምሰው እጁን ሰደደ። ዶሮዋ በመንቁሯ ወጋችው። ተዋት። «እንግዲያው ልጁ አርሲ ነው» አለ ጓድ ወጋየሁ። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ፍተሻ የለም።»

ሳጥኑ ሊጫን ሲል ደምሰው አቃሰተ። «ኧረ ይሄ ነገር! ሲገባ እንዲህ ነበር? ሰው ጨምሩ!»

«ሲሠራ ውሎ ነው» አለ ዶክተሩ። «ጨረሩ ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ እስኪራገፍ ይከብዳል።»

ገዲሴ እንባዋን ጠርጋ ከኋላቸው ሮጠች። «ቀስ በሉ እንጂ! አታንገጫግጩት! ኧረ ቀስ!»

«አሁን ገና የመንግሥት ንብረት ዋጋ ገባት» አለ ጓድ ወጋየሁ፣ ደስ ብሎት።

ራሱ ጋቢና ተቀምጦ እስከ ፉሪ ኬላ ሸኘ። እዚያ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ይለፍ! ጨረር ነው፣ ያመክናል!» ሲል ፈታሾቹ ገመዱን ጥለው በረሩ። እሱም ወረደ። ገና መውለድ ይፈልጋላ!

ዶክተሩ ብቻውን ነዳ። ከኬላው ብዙ ርቆ፣ ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ መኪናውን አቆመ። ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ።

ሳጥኑም እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ ዶሮዋስ ተረፈች?»