መሪው ደህና ነው

«የኋላውን፣ የውስጠኛውን ጎማ አልመታኸውም» ትለዋለች ሴትዮዋ በጆሮ ማዳመጫው።

ሹፌሩ ይቆማል። እውነቷን ነው። ጎማ የሚፈትሽበትን ብረት በሁለቱ ጎማዎች መካከል አሾልኮ የውስጠኛውን ይመታል። ድምፁ አጭርና ሙሉ ነው።

«እሱ አየር አለው። ቀጥል።»

አውቶቡሱን እየዞረ መብራቱን፣ በሩን፣ ከሥር የዘይት ጠብታ አለመኖሩን ያያል። ያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ እሷ ትሰማለች። ከክረምቱ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው። እሷ ሩቅ ከተማ የነዳጅ ቦቴ ትነዳለች። በአካል ተገናኝተው አያውቁም።

መካኒኩ ከጥገናው ጉድጓድ ራሱን ብቅ ያደርጋል። «ዛሬም ከጎማ ጋር ወሬ ይዘሃል? መልስ መስጠት የጀመረ ቀን ንገረኝ፤ እኔም የምጠይቀው አለኝ።»

«ምን ብለህ?»

«አንተ ካልነዳህ መኪናው አይበላሽ፤ መኪናው ካልተበላሸ እኔ ምን ልበላ?»

ሴትዮዋ በጆሮው ውስጥ ትስቃለች። ሹፌሩ ግን አይስቅም። የስምሪት ኃላፊዋ ከቢሮዋ ደጃፍ ቆማ ታየዋለች። ትናንት የነገረችው ቁርጥ ያለ ነበር፤ «ነገ በዚያ በር ይዘኸው ካልወጣህ አውቶቡሱን ለሌላ እሰጣለሁ። አንተ ትኬት ክፍል ትገባለህ።» በክፋት አልነበረም። ብዙ ታግሣዋለች።

በክረምቱ፣ በዝናብ፣ ቁልቁለት ላይ አውቶቡሱ ተንሸራቶ ከግንብ ጋር ተላተመ። የሞተ የለም። የአንዲት ተሳፋሪ ክንድ ተሰበረ፤ ዳነም። ጥፋቱ የመንገዱ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ ተመሰከረለት። ከዚያ ወዲህ ግን መሪ በጨበጠ ቁጥር እጁ ይደነዝዛል፤ አውቶቡሱንም ከግቢው አውጥቶ አያውቅም።

ለሰው መናገር አፍሮ፣ ሹፌሮች የመኪና መለዋወጫ በሚገበያዩበት የስልክ ቡድን ውስጥ «መሪ ስይዝ እጄ ይደነዝዛል፤ መፍትሔ የምታውቁ?» ብሎ ጻፈ። መልሱ ጎረፈ። የመሪ ዘይት ቀይር። አላይመንት አሠራ። ቡሎኑን አጥብቅ። አንዱማ የሚሸጥ አሮጌ የመሪ ሳጥን ፎቶ ላከለት። ያን ሁሉ አንብቦ ሲጨርስ «እመ ቦቴ» ከምትባል ሰው ለብቻው መልእክት መጣ፦

«መሪው ደህና ነው። አንተስ እንዴት ነህ?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሚስቱ ምን ነካህ ብትለው መናገር አቅቶት ስልኩን ሰጣት። እሷም አነበበችና «መልስላት እንጂ» አለችው።

እመ ቦቴም መኪናዋ ተገልብጦ ወገቧን የታመመች ነበረች። ለልጆቿ ያልነገረችውን ለእሱ ነገረችው፤ እሱም የዋጠውን ሁሉ ተነፈሰላት። ፍርሃታቸውን እንደ ሞተር ፈታተው አዩት፤ በየትኛው ድምፅ እንደሚነሳ፣ በየትኛው ሽታ፣ የትኛው ኩርባ ላይ።

«በል ግባ» ትለዋለች አሁን።

ይገባል። ወንበሩን፣ መስታወቱን፣ ቀበቶውን ያስተካክላል። መሪውን ይይዛል።

«እጅህስ?»

«ጀምሮኛል። ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ።»

«ትናንት ሁሉም ነበሩ። መሪው እንዴት ነው? ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?»

«ቀዝቃዛ። በግራ በኩል ተፍቋል።»

«በዓይንህ አይተህ ነው?»

«በእጄ ነው።»

«እንግዲያ ይሰማሃላ፣ ወንድሜ።»

ሹፌሩ አውራ ጣቱን በተፋቀው ቦታ ላይ በዝግታ ያስኬደዋል። ሻካራ ነው። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይለሰልሳል።

«ቁልፉን ሳትነካ ልዝጋ» ትላለች።

«ቆይ፤ አትዝጊ።»

«ከሚነዳ ሰው ጋር አላወራም። አንተስ ስነዳ መቼ አወራኸኝ?»

እሷ ከሕመሟ ተነሥታ መንገድ በወጣች ቀን «አብረኸኝ ቆይ» ብላ ስትለምነው፣ «ስትደርሺ ደውይ» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘግቶ ነበር። ማምሻውን ፎቶ ላከችለት፤ አቧራ የለበሰ የጎን መስታወት፣ በውስጡ ግማሽ ግንባርና አንድ የሚስቅ ዓይን። ከፊቷ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው።

«ቢያቅተኝስ?»

«ትኬት የሚቆርጥ ወንድም ይኖረኛላ። እሱንም አልጠላም። በሰላም ግባ።»

ጆሮው ጸጥ ይላል። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ያስገባል። ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ሲነሣ ድንዛዜው ከጣቶቹ ወደ እጁ አንጓ ይወጣና ይቆማል። ሌላ ቀን እስኪለቀው ይጠብቅ ነበር። አሁን ከነድንዛዜው ማርሽ ያስገባል።

አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል። መካኒኩ ከጉድጓዱ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያያል፤ ቀልድ የለውም። የስምሪት ኃላፊዋ ዘበኛውን ሳትጠብቅ የግቢውን በር በትከሻዋ ገፍታ ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። ሲያልፍ በመዳፏ የአውቶቡሱን ጎን መታ ታደርጋለች።

መጀመሪያው ፌርማታ ላይ በሩን ይከፍታል። ሰዎች እየተጋፉ ይገባሉ። ማንም ፊቱን አያይም፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ «እስከ ገበያው ትደርሳለህ ልጄ?» ይሉታል።

«እደርሳለሁ አባቴ። ይቀመጡ።»

ያ ቁልቁለት ይመጣል። ሌሊት ዘንቦ አስፋልቱ ያብለጨልጫል። ቀድሞ ማርሽ ይቀንሳል፤ ፍሬኑን በስሱ ይነካል፤ የአውቶቡሱ ክብደት ከእግሩ ሥር በልኩ ሲረጋ ይሰማዋል። ግንቡ በስተቀኝ ቀርቦ፣ አልፎ ይሄዳል።

ዓይኑን ወደ ውስጠኛው መስታወት ያነሣል። ከኋላ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ያቀፈች ሴት ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ አፏ በትንሹ ተከፍቶ፣ ተኝታለች።

የሚቀጥለውን ኩርባ ሳይቀሰቅሳት ይዞራል።