እጥፍ ብርድ

ደምለው ከዲማ ቅኔ ቤት ጠፍቶ ደብረ ማርቆስ ሲገባ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ጣልያን ሲመጣ ከወታደሮቹ ጋር ካርታ እየተጫወተ፣ ሲጋራ ሊገዛ እየተላከ ቋንቋቸውን ለቀመው። በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ላይ የምሽጉ አስተርጓሚ ሆኖ ነበር። የጠዋት ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ብርድ ያውጃል።

በምሽጉ ግቢ እንጨት ላይ የተሰቀለ የሙቀት መለኪያ ነበር፤ ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የምሽጉ አዛዥ ካፒታኖው ቁጥሩን አይቶ በቴሌግራም ያስልካል። ደምለው ደግሞ ገበያው በር ላይ ቆሞ ይጮኻል።

ቁጥሩ ለወሬ ብቻ አልነበረም። ባሕር ዳር ሙቀት ላይ የተቀመጠው ኮሎኔል፣ የደጋ ብርድ ወታደር እንዳይፈጅበት ፈርቶ ትእዛዝ ልኳል፤ የጠዋቱ ብርድ ከትናንቱ እጥፍ ከሆነ ጦሩ ከምሽግ አይውጣ።

ሰኞ ቁጥሩ ስምንት ነበር። የዚያን ቀን ወሬው ተሰማ፤ ጦሩ ማክሰኞ ሮብ ገበያ ወደምትባለው መንደር ይወጣል፣ ለአርበኞች ቀለብ ይሆናል የተባለ ክምር ሁሉ ይቃጠላል።

የደምለው እኅት የብርጓል ሮብ ገበያ ነው ያለችው። ባሏ ጫካ ገብቷል። ሦስት ልጆቿ ዓመቱን የሚበሉት ገብስ ሳይወቃ አውድማ ላይ ተከምሯል። ጎረቤቷ ፋንታነሽ ለገበያ መጥታ ደምለውን ከአጥር ሥር ያዘችው።

«የብርጓል አራት ቀን ስጠን ብላሃለች። ወቅተን ጉድጓድ እናስገባዋለን። ከዚያ ቢመጡ ገለባውን ያንድዱት።»

«እኔ ንጉሥ ነኝ እንዴ ቀን የምሰጥ?»

«ጣልያንኛ ትችል የለም? ንገራቸዋ!» ብላ ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች።

ደምለው ቅኔው ባይገባውም ሒሳብ አይጠፋውም። ስምንት አራት ከሆነ ብርዱ እጥፍ ነው። አራት ሁለት ከሆነም እጥፍ። ከተያዘ ደግሞ የሚጠብቀው ገመድ ነው።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ ውጭ ያደረ የበረዶ ውሃ በጣሳ ይዞ የብርጭቆውን ጫፍ ነከረው። ቁጥሩ ስድስት ላይ ሲደርስ ባዘዘው የሚባለው ባንዳ ዘበኛ ሲያስል ሰማና ጥሎ ሮጠ። ሰዓቱ ሲደርስ ካፒታኖው ብቅ አለ፤ ደብተሩን እንዲያመጣለት ደምለውን ላከው። ሲመለስ ካፒታኖው መለኪያው ፊት ቆሟል።

«አራት!» አለ።

ደምለው በገዛ እጁ ሙያ ተደነቀ። ገበያው በር ላይ ደረቱን ነፍቶ ጮኸ፦ «ዛሬ ከትናንት እጥፍ ይበርዳል!»

«እጥፍ?» አለች አንዲት ቅቤ ሻጭ። «ትናንት አንድ ጋቢ ለብሼ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ልልበስ? ሁለተኛውን ማን ይሰጠኛል፣ አንተ?»

ረቡዕም እንዲያው ሆነ። ደምለው ቁጥሩን ሦስት ላይ አድርሶ ሸሸ፤ ካፒታኖው ካፖርቱን እንዲያመጣ ላከው፤ ቁጥሩ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ከማክሰኞ የወረደው ሁለት ብቻ ነው፤ አዋጁ ግን ያው እጥፍ ነው። ገበያተኛው ሳቀ።

«ትናንትም እጥፍ፣ ዛሬም እጥፍ! ብርዱ ይወልዳል እንዴ?»

ባዘዘው ግን አልሳቀም። «ስማ፣ ይህ ብርጭቆ አንተን ሲያይ ነው የሚንቀጠቀጠው። ዛሬ ማታ አጠገቡ ነው የማድረው።»

ከሰዓት ካፒታኖው ደምለውን ጠራው። «በመንገዳችን ያለው ጮቄ ተራራ ላይ ድንጋዩ ሁሉ ይተኩሳል የሚሉት እውነት ነው?»

«ድንጋዩስ ደኅና ነው ካፒታኖ። ከኋላው ያለው ነው የሚተኩሰው።»

ካፒታኖው ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ደምለው እንደ የዋህ ሆኖ ጠየቀ፦ «ከዜሮ በኋላስ ቁጥር አለ?»

«ሞልቷል ልጄ» አለ ካፒታኖው፤ ፊቱ ድንገት በራ። «ከዜሮ በታችም እጥፍ አለ። ቁጥር አያልቅም።»

ሐሙስ ዶሮ ሲጮኽ ባዘዘው ጠመንጃውን ታቅፎ መለኪያው ሥር ተቀምጧል። ካፒታኖው ራሱ ጥበቃውን ሊጎበኝ ወጥቶ፣ ባዘዘውን ሰላምታ ሰጥቶት፣ በሩን አይቶ እንዲመለስ ለአፍታ ልኮት፣ ዞር ዞር ብሎ ገብቷል። ደምለው ጣሳውን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ሲጠጋ ባዘዘው ተነሣ።

«ምን ይዘሃል?»

«ጠበል።»

«ጠጣዋ!»

ደምለው ጠጣ። ጥርሱ ከድዱ የሚነቀል መሰለው።

«ደግሞ አንድ ጠብታ አታስቀር» አለ ባዘዘው። «በረከት ነው።»

ግቢው ውስጥ በቅሎዎቹ ተጭነዋል። ወታደሩ ተሰልፏል። ደምለው የብርጓልን አሰበ፤ ገብሱ ገና ግማሹም አልገባም። ካፒታኖው ወጣ፣ ወደ መለኪያው ጎንበስ አለ። ደምለው ዓይኑን ጨፈነ።

«አንድ!» አለ ካፒታኖው። «እጥፍ!»

ባዘዘው አፉን ከፍቶ ቀረ። ደምለው ዓይኑን ገልጦ አየውና ሆዱ ባባ። ለካ ይህ ባንዳ ልቡ ያገር ልጅ ኖሯል! ማስፈራራቱ ሁሉ ለሽፋን ነበር! ቀስ ብሎ ጠቀሰው።

«ምን ትጠቅሰኛለህ? ዓይንህን ላውጣልህ?»

«ገባኝ፣ ገባኝ ወንድሜ» አለ ደምለው እየሳቀ።

በቅሎዎቹ ተራገፉ። ካፒታኖው ደምለውን በትከሻው አቅፎ ወደ ቢሮው አስገባው፣ በሩን ዘጋ፣ የቀሉ ጣቶቹን አፉ ላይ አድርጎ እፍ እፍ አለባቸው።

«ውሃው እጄን ቆረጠኝ» አለው፤ «ነገ ያንተ ተራ ነው።»