አባት ያልቀየረው ሰዓት

እሁድ ከምሳ በፊት እናትና ልጅ ብቻቸውን ሳሎን ነበሩ። እናት ከአርባ ቀን የመርከብ ሽርሽር ከተመለሰች ሁለት ቀኗ ነው፤ አባት ግን በሠላሳኛው ቀን እዚያው መርከቡ ላይ ሕይወቱ አልፏል።

«ደስ ያላችሁ ቀን ነበር እማዬ?»

«ሞልቶ! አባትሽ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ሲጨፍር ብታዪው! ማዕበል የመጣ ቀን ደግሞ ባልዲ ታቅፈን ዋልን።»

«ለእኔ ግን አንዴ እንኳ አልደወለም።» ልጅቱ የአባቷን የእጅ ሰዓት ከሻንጣው አውጥታ፣ የባዕድ አገር ሰዓት የያዘ መስሏት ልታስተካክለው ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ተይው፣ የቤታችንን ሰዓት ነው የያዘው። ሁሉም እንደየአገሩ ሲቀይር እሱ እምቢ አለ፤ እራት እያመለጠን! ደውልላት ስለው ሰዓቱን ያይና ‹አሁን ሥራ ላይ ናት፤ አሁን ደክሟት ተኝታለች፤ አንረብሻት› ይለኛል።»

ልጅቱ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሁለቱ እኩል ነበሩ። የአባቷን ሰዓት እጇ ላይ አሰረች። እናትና ልጅ ስለ እሱ ሲያወሩ ምሳ ሳይበሉ ዋሉ።