ለዶሮ የዋለው ቅባት

ጤና ጣቢያችን ሁለት ዓመት ደብዳቤ ጽፎ ያስመጣውን፣ ትናንት ቤት ለቤት ያደልነውን የትራኮማ ቅባት አንዲት ሴትዮ ለዶሮ ስትቀባ ደረስኩባት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ እያንኮራፋች የምትተነፍሰውን ዶሮ ታቅፋ፣ ያበጠ ዓይኗን በጣቷ እየዳበሰች ትቀባታለች። እንዲህ ዓይነት ድንቁርና ያበግነኛል።

«ለዓይንሽ ብንሰጥሽ ለዶሮ?» አልኳት ከፊቷ ቆሜ። «ለእናንተ መልፋት ትርፉ ድካም ነው።»

«እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው፣ ልጄ» አለች ቀና ሳትል።

«አምጪው፤ ዋጋውን ለሚያውቅ ሰው እሰጠዋለሁ» አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

አልተከራከረችም። ዶሮዋን አስቀምጣ ተነሣች፤ ቅባቱንም በሁለት እጇ፣ በአክብሮት፣ ለበሩ መቃን ዘረጋችለት።

«የእኔ ዓይንማ ሳይደርስለት ጠፋ» አለችው መቃኑን። «ለእሷ እንኳ ይድረስላት ብዬ ነው።»